እሑድ ጠዋት ከወዳጆች ጋር በብስክሌት ቡና ለመጠጣት

አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ወዳጆች በሳምንት አንድ ቀን ተሰባስበው የሰፈር ቡና የሚቀምሱበትን ጉዞ ማሰናዳት ቀላል ይመስላል፤ ይሁንና እንዲህ ያለው ስብስብ ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው እሑድ አያልፍም። እኔ ካየሁት፣ ስብስቡ የሚፈርሰው በጉልበት ማነስ ሳይሆን በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ መንገዱን ይመርጣሉ፤ ከዚያም ሲደክማቸው ያገኙት ቦታ ላይ አረፍ ይላሉ። ቦታው ሞልቶ፣ ብስክሌት ማቆሚያ ጠፍቶ ወይም ወተቱ አልቆ ሲገኝ አንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት የቡናው ቦታ ነው፤ መንገዱ፣ ሰዓቱ፣ የሰዉ ብዛትና የሚያዘው ዕቃ ሁሉ ከእሱ ይከተላል።

ቦታውን ለመምረጥ በመጀመሪያ የትኛውን ዓይነት ቡና እንደሚፈልጉ ይወስኑ። («ቡና ቤት» የሚለው ስም በከተማችን ለመጠጥ ቤት ስለተሰጠ፣ ለቤተሰብ ሲናገሩ «ካፌ» ወይም «ጀበና ቡና» ማለት ከብዙ ማብራሪያ ያድናል።) በማሽን የሚሠራው ካፌ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ያስተናግዳል፤ አሥር ሰው ማኪያቶውንና ስፕሪሱን አዝዞ፣ ጠጥቶና ከፍሎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊነሣ ይችላል። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒያሳ ላይ የተከፈተው ቶሞካ የሚታወቀው ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ በመጠጣት ነው፤ ይህ ሰውነቱ ገና ላልቀዘቀዘ ብስክሌተኛ እጅግ የሚስማማ ልማድ ነው። የጀበና ቡና ግን በራሱ ሰዓት ይሄዳል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ እስኪፈላ፣ ከዚያም አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በየተራ እስኪቀዳ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ሄልሜት ማጥለቅ አይከለከልም፤ ነገር ግን ተቆልቶ የቀረበለትን ቡና በጥድፊያ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ቡናውን ያፈላችውን ሴት ደስ አያሰኛትም። በመሆኑም አጭር ጉዞ ባለበት ቀን ጀበና፣ ረጅም ጉዞ ባለበት ቀን ማኪያቶ ቢመደብ ጥሩ ነው።

ለጀበና ቡና አስቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ የተማርነው ከስሕተታችን ነው። በአንድ የጥቅምት እሑድ አሥራ አንድ ሆነን፣ ማንም ሳይጠብቀን፣ ገርጂ አካባቢ በመንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ደረስን። እርሳቸው የነበሯቸው አንድ ጀበና፣ አንድ ከሰል ማንደጃና አምስት በርጩማዎች ብቻ ነበሩ። አምስቱ ሲቀመጡ ስድስታችን ብስክሌታችንን ተደግፈን ቆምን፤ ለመጨረሻው ሰው አቦል የደረሰው የመጀመሪያው ቶናውን ሲጨርስ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ዘወትር በዚያ ሰዓት የሚመጡት የሕንፃ ጥበቃና የታክሲ ረዳቱ ግርግሩን አይተው ተመለሱ። «ልጆቼ፣ እንዲህ ሆናችሁ የምትመጡ ከሆነ ምነው በዋዜማው ብትነግሩኝ!» አሉን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዳችን በእግር ሄደን የምንመጣውን ሰው ቁጥርና ሰዓቱን እንናገራለን። በሁለተኛው ጉዟችን እርሳቸው ከጎረቤት ሁለተኛ ጀበናና አግዳሚ ወንበር ተውሰው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ የሽንብራ ቆሎ አቅርበው ጠበቁን፤ ሁለቱ ደንበኞቻቸውም በቦታቸው ተቀምጠው ነበር።

የዋዜማው ጉብኝት ከቁጥር ማሳወቅ ያለፈ ጥቅምም አለው። በር ላይ ብስክሌት የሚያቆሙበት፣ ከተቀመጡበት ሆነው የሚታይ ቦታ መኖሩን፣ ቤቱ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ መጸዳጃ ቤትና ውኃ መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ቡናውንም ይቅመሱት። ከይርጋጨፌ የመጣ የታጠበ ቡናና ከሐረር የመጣ በፀሐይ የደረቀ ቡና በሲኒ ውስጥ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ባለቤቱ የቡናውን መነሻ የሚያውቅ ከሆነ ለወዳጆች የሚነገር ወሬ ይገኛል፤ የማያውቅ ከሆነም ቡናው ጣፋጭ እስከሆነ ድረስ ምንም አይደል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ መንገዱ የሚወሰነው በከተማዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር ከሚያልፈው እንጦጦ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ዳገቱ ከቡና በፊት፣ ቁልቁለቱ ከቡና በኋላ ይሁን። ዳቦ በልቶና ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ዳገት የወጣ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ለጀማሪ ስብስብ የምመክረው መንገድ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ፣ በአፍሪካ አዳራሽና በሒልተን በኩል ቀስ እያለ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣው ነው። ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ጥቂት ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያለው አጭር ዳገት የመጨረሻው ነውና ከፒያሳ ቡና በፊት የምግብ ፍላጎት ከመክፈት በስተቀር ጉዳት የለውም። ቡናው ከተጠጣ በኋላ በዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ አድርጎ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረድ፣ ከዚያም በስታዲየም በኩል ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል። ሙሉው ዙር ከአሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ያልነዳ ሰውም ሳይሸማቀቅ ይጨርሰዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ላይ የብስክሌት መሥመር በብዙ ቦታ ይገኛል፤ ሆኖም መሥመሩ ድንገት የሚያልቅበት ወይም መኪና የሚቆምበት ቦታ ስላለ መሪው አስቀድሞ ቢነዳበት ይሻላል። ከመገናኛ ወደ ሃያት ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍለው ማዶ የሚታይ ካፌ ለመድረስ ረጅም ዙር ሊያስፈልግ ይችላል። የሚመርጡት ካፌ በጉዞዎ በኩል ያለ ይሁን።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መነሣት መልካም ነው። መኪናው ጥቂት ነው፤ ፀሐዩም ገና አልበረታም። ነገር ግን ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ወዳጆች በዚያ ሰዓት ሊመጡ አይችሉም፤ ቢመጡም ቡና አይቀምሱም። ስብስባችሁ የተቀላቀለ ከሆነ በሦስት ሰዓት ተኩል መነሣት ሁሉንም ያስማማል፤ በአብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ግን ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ስለሚሞላ ወርዶ ብስክሌትን እየገፉ ማለፍ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም ወተት የሌለው ቦታ አይቸግርም፤ ጥቁር ቡናና ስፕሪስ የትም አለ። በረመዳን ግን የሚጾሙ ወዳጆች ካሉ ጉዞውን ከአፍጥር በኋላ ወደሚሆን መሸት ያለ ሰዓት ማዛወር፣ መንገዱንም ማሳጠርና መብራት መያዝ ያስፈልጋል፤ ወዳጅን ጾሙን ይዞ ሌላው ሲጠጣ እንዲያይ መጋበዝ ነውር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሑዶች ደግሞ አንዳንድ ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ስለሚዘጉ አዲስ ሰው ለማለማመድ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

በመንገድ ላይ ከፊት አንድ መንገዱን የሚያውቅ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ይመደብ። ከኋላ የሚነዳው ከሁሉ ጠንካራው ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ የቀረውን ሰው ሳይቆጣ የሚጠብቀውና ካስፈለገም ጀርባውን ገፋ አድርጎ ዳገት የሚያሻግረው እሱ ነው። ሁሉም በነጠላ መሥመር፣ በመካከላቸው የአንድ ብስክሌት ርዝመት ትተው ይንዱ። መሪው «ጉድጓድ!» ሲል ቃሉ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ እየተደጋገመ መድረስ አለበት። በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ጥግ ከሚይዘው ሚኒባስና ዘንጎቹ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆኑ የፍሳሽ መክደኛዎች ነው፤ የኮርሳ ብስክሌት ቀጭን ጎማ በዘንጎቹ መካከል ገብቶ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም፤ ለስብስቡ አንድ ፖምፓ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያና የመፍቻ ስብስብ ይበቃል። ጎሚስታ በየመንገዱ አለ ብሎ መተማመን አይገባም። እሑድ ጠዋት ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፤ የተከፈተውም ቢሆን አየር የሚሞላው በመኪና ዓይነት ቫልቭ ስለሆነ ቀጭን ቫልቭ ያለውን የኮርሳ ጎማ ያለ ማገናኛ ሊሞላው አይችልም። ማገናኛው ከአውራ ጣት የሚያንስ ብረት ነው፤ ጉዞውን ከሚመራው ሰው ቁልፍ ጋር አንጠልጥሉት። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ሰው ሄልሜት፣ የውኃ ኮዳና ስስ ጃኬት ይያዝ። ጃኬቱ ለመንገዱ ሳይሆን ለቡናው ነው፤ ዳገት ወጥቶ ያላበው ሰውነት በረንዳ ላይ ሲቀመጥ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባበታል፤ እሑድ ቡና ጠጥቶ ሰኞ በጉንፋን የሚተኛ ሰው ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ሲደርሱ ብስክሌቶቹን ሁለት ሁለት አድርገው፣ የአንዱ የፊት ጎማ ከሌላው የኋላ ጎማ ጋር እንዲገጥም አቁመው፣ የመቆለፊያውን ሰንሰለት በሁለቱም ብስክሌቶች አጥንት (ፍሬም) ውስጥ አሳልፈው ይቆልፉ። እንዲህ የተጣመረ ብስክሌት ተሸክሞ መሮጥ አይቻልም። የበሩን ጥበቃ ሰላም ብለው፣ «ወንድሜ፣ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ማለት ከቁልፉ ያላነሰ ይጠብቃል፤ ሲወጡ ጉርሻውን አይርሱ፤ ሲገቡም አንድ ቡና ወደ በሩ ይዘዙለት። ከቡናው በፊት ሁሉም ውኃ ይጠጣ፤ ከዚያ አንድ ሰው የሁሉንም ትእዛዝ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ለአስተናጋጇ ይንገር። አሥር ሰው በየተራ «እህቴ» እያለ ቢጣራ ማኪያቶው ወፍራም ቡና ላዘዘው፣ ወፍራሙ ማኪያቶ ላዘዘው መድረሱ አይቀርም።

በእኔ እምነት ስብስቡን ከዳገት ይልቅ የሚፈትነው ሂሳብ ነው። «እኔ ልክፈል» ተባብሎ እጅ ለእጅ መያያዝ ለሁለት ሰው ያምራል፤ ለአሥር ሰው ግን ገቢው አነስተኛ የሆነውን ወዳጅ ያሸማቅቃል፤ ብዙ ሳይቆይም «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል። መፍትሔው ከእቁብ የተወሰደ ነው፤ ሁሉም በወሩ መጀመሪያ እኩል መዋጮ ለአንድ ገንዘብ ያዥ በቴሌብር ይልካል፤ በየሳምንቱ የሚከፍለው እሱ ብቻ ይሆናል። መዋጮው ከስብስቡ መካከል አቅሙ ዝቅተኛ የሆነው ሰው ሳይጨነቅ በሚችለው ልክ ይወሰን፤ ኬክ የፈለገ የኬኩን ለብቻው ይክፈል። ከወሩ የተረፈው ገንዘብ ለካላማዳሪ ይውላል።

በሐምሌና በነሐሴ ጉዞውን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ማሳጠር ግን ግድ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ሊነዳበት ይችላል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ጭቃውን በነጂው ጀርባና ከኋላው ባለው ሰው ፊት ላይ ይረጫል፤ በጭቃ ልብስ ደግሞ የሰው ሶፋ ላይ አይቀመጡም፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት የፕላስቲክ ወንበር ያለው በረንዳ ይመረጣል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ዘግይቶ ስለሚይዝ ቸርችልን በመሰለ ቁልቁለት ሁለቱንም ፍሬን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያሉ መያዝ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን ሲጠራ፣ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ የሚቀጥለው እሑድ ቦታና ቅዳሜ ሄዶ የሚያየው ሰው ይወሰን። በስልክ እንነጋገርበታለን የተባለ ቀጠሮ ሲንከባለል ዓርብ ይደርሳል፤ ተራው የደረሰው ሰው ግን ሰፈሩን ጠርቶ፣ «እኛ ጋ ጠጅ ሳር የሚጎዘጉዙ አሉ» ብሎ ከተናገረ ሌላው ሄልሜቱን እያጠለቀ ስለዳገቱ መጠየቅ ይጀምራል።