ያልጠበቁት ኢሜይል ውስጥ እንግዳ ሊንክ ሲያዩ

ሊንኩ ረጅምና የማይታወቅ ስለሆነ ብቻ ኢሜይሉ ማጭበርበሪያ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ድርጅቶች ኢሜይል የሚልኩት በሌላ የጅምላ መላኪያ አገልግሎት በኩል ነው፤ አገልግሎቱም ሊንኩን ማን እንደተጫነ ለመቁጠር ጎብኚውን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ከሊንኩ ይልቅ ላኪውን ይመርምሩ። የላኪን ስም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል፤ ቁም ነገሩ ከ@ በኋላ ያለው ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ነው። እሱንም ከመጨረሻው ጀምረው ያንብቡት፦ «ባንክዎ.ኮም.ማረጋገጫ.ኔት» የባንክዎ ሳይሆን «ማረጋገጫ.ኔት»ን ያስመዘገበው ሰው ንብረት ነው።

መልእክቱ በእርግጥ ከዚያ ዶሜይን መምጣቱን ለማየት፣ ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍተው በመልእክቱ ጎን ካሉት 3 ነጥቦች ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምርጫ ሲጫኑ ኤስፒኤፍ (SPF)፣ ዲኪም (DKIM) እና ዲማርክ (DMARC) የሚሉ፣ የላኪውን ዶሜይን የሚፈትሹ መስመሮች ብዙ ጊዜ ይመጣሉ። ዲማርክ «ፌይል» (FAIL፣ አላለፈም) ካለ አይመኑት። «ፓስ» (PASS፣ አልፏል) ማለቱ ግን የላኪውን ዶሜይን እንጂ ታማኝነቱን አያረጋግጥም፤ አጭበርባሪም የራሱን ዶሜይን ገዝቶ 3ቱንም ያልፋል።

ሊንኩን «ለሙከራ ያህል» ኮፒ አድርጎ ብሮውዘር ላይ መክፈት ከመጫን አይለይም። ጫፉ ላይ ያለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ብዙ ጊዜ የእርስዎ መለያ ስለሆነ፣ አድራሻዎ በሥራ ላይ እንዳለ ይነግርብዎታል። ካልታወቀ ላኪ የመጣ «ከዝርዝሩ አስወጣኝ» ሊንክም እንደዚያው ነው።

ከተጠራጠሩ ኢሜይሉን ትተው የድርጅቱን መተግበሪያ ይክፈቱ፣ ወይም የድረ ገጹን አድራሻ በእጅዎ ጽፈው ይግቡ፤ እውነተኛ ጉዳይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አካውንትዎ ውስጥ ይጠብቅዎታል።