ከቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት ብግነት የሚያበርድ ፔፕታይድ እንዴት እንደሚወጣ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ብቅ ያለ ያውቀዋል፤ የቆሮሶው ሥጋ ለፊሌቶ ይነሣና ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ቆዳው ለአባ ኮዳ ይወረወራል። ከዓሣው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው የሚጣለው ነው። በውስጡ ያለው ፕሮቲን በኢንዛይም ሲቆራረጥ ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ያበርዳሉ። ለሰው መድኃኒት ነው ለማለት ግን ገና ነው።

መጀመሪያ በረዶ። ይህን ንቄ ወራት ከስሬበታለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የተጣለውን ጭንቅላት ስድስት ሰዓት ላይ በፌስታል ሰብስቤ ገባሁ፤ «ኋላ ይፈላ የለ እንዴ» ብዬ። ዱቄቱ አምሮ ወጣ፣ ሽታውም ደህና ነበር። ሕዋስ ላይ ሲጨመር ግን ያበርዳል ያልኩት ጭራሽ አስቆጣ።

ጥፋተኛው ኢንዶቶክሲን ነበር፤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ክፍል ነው። ባክቴሪያው ሲፈላ ይሞታል፣ ኢንዶቶክሲኑ ግን ይቀራል። ከመስታወት ዕቃ ላይ ለማጥፋት እንኳ 250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ፔፕታይድ እዚያ ቢገባ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ተረፈውን ከቢላዋው ሥር በረዶ ላይ ተቀበሉ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ የዚያኑ ቀን ሥሩት ወይም ፍሪዘር ክተቱት። ሆድ ዕቃው አይጨመር።

ፈጭታችሁ በእኩል ውኃ በጥብጡ። የዓሣው የራሱ ኢንዛይም እንዲከሽፍ 90 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ያህል አቆዩትና ወደ 55 አውርዱት። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 8 አድርሳችሁ ከፕሮቲኑ ክብደት 1 በመቶ አልካሌዝ የሚባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ጨምሩ። እንደዚሁ ፕሮቲን የሚቆርጠው ጥሬ የፓፓያ ወተት በዋጋ ይረክሳል የሚሉ አሉ፤ ጉልበቱ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ እኔ አልወደውም። ፕሮቲኑ በተቆረጠ ቁጥር ፒኤቹ ይወርዳል፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጋችሁ 8 ላይ ያዙት። ለምሳ መውጣት የለም።

ከዚያ ኢንዛይሙ ሥራውን እንዲያቆም 95 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፉጅ። ከላይ ዘይት፣ ከታች አጥንትና ዝቃጭ፣ መሐል ላይ ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ይታያል። የምንፈልገው መሐለኛውን ነው። ትንንሾቹን ቁርጥራጮች ብቻ በሚያሳልፍ የ3 ኪሎዳልተን ማጣሪያ አሳልፋችሁ ያለፈውን አቀዝቅዞ በሚያደርቅ መሣሪያ አድርቁ። ጣዕሙ ኮሶ ነው።

ፍተሻው ላይ ራው 264.7 የሚባሉት የአይጥ ሕዋሶች በኤልፒኤስ ይቆጡና ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ የግሪስ ማቅለሚያ ጨምሮ የናይትሪክ ኦክሳይዱን መጠን የሚያሳየውን ሮዝ ቀለም ማንበብ ነው። ኤልፒኤስ ማለት ያው ኢንዶቶክሲን ነው፤ ለካ ሁለት ጊዜ ስጨምር ነበር! አሁን አንድ ረድፍ ላይ ዱቄቱን ያለ ኤልፒኤስ ብቻውን እጨምራለሁ፤ እሱም ሮዝ ካመጣ ዱቄቱ ይጣላል። ቀለሙ ቢደበዝዝም አትቸኩሉ፤ የሞተ ሕዋስም ናይትሪክ ኦክሳይድ አያመነጭምና በሕይወት መኖራቸውን ኤምቲቲ በሚባለው የሕዋስ ፍተሻ አረጋግጡ።