ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የትዳር አጋርን ፕሮሰስ መጀመር

ከአሜሪካ ተመልሰው ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም አረርቲ ላይ ኑሮ የጀመሩ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «አግብቼ እዚሁ እየኖርኩ ነው። ባለቤቴን ወደ አሜሪካ ለመውሰድ ፕሮሰስ መጀመር እችላለሁ ወይስ መጀመሪያ አሜሪካ መመለስ አለብኝ?» መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል።

የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ የትም አገር ሆናችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ኔትወርክ ካለ መሐል ሜዳ ተቀምጣችሁም ይሞላል። ለማመልከቻው ብላችሁ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ።

ችግሩ ወደ መጨረሻው ነው የሚመጣው። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ አይ-864 የሚባል ቅጽ አለ። ለባለቤቴ እኔ ኃላፊ ነኝ ብላችሁ የምትፈርሙበት ነው። ይህን የሚፈርም ሰው 18 ዓመት የሞላው፣ ገቢው የአሜሪካ መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት መነሻ ቢያንስ 125 በመቶ የሆነ፣ ቋሚ መኖሪያውም አሜሪካ የሆነ መሆን አለበት። ገቢ ካነሳችሁ ሌላ ሰው ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም ተጨማሪ ዋስ ሆኖ ሊፈርምላችሁ ይችላል። ግን ሜሪላንድ ያለው ወንድማችሁ ቢፈርም የሚሸፍነው ገቢውን ብቻ ነው። የእናንተን መኖሪያ አይተካም። እናንተም የራሳችሁን ቅጽ መፈረማችሁ አይቀርም።

አንድ የቅርብ ወዳጄ ይህን ያወቀው ሚስቱ ኤምባሲ ኢንተርቪው ከገባች በኋላ ነው። «ባለቤትሽ የት ነው የሚኖረው?» ሲሏት እውነቱን ተናገረች፤ «አብረን ደብረ ብርሃን ነን» አለች። ቪዛው አልተሰጣትም። መኖሪያው አሜሪካ ስለመሆኑ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ትዳራቸውን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። የጎደለው ወረቀት ነበር፤ እሱን ሲያሰባስቡ ወራት አለፉ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ አይደርስባቸውም ነበር።

ስለዚህ ኑሯችሁ እዚህ ከሆነ፣ ወደ አሜሪካ ልትመለሱ እንደሆነ በተግባር ማሳየት አለባችሁ። እዚያ የሚሠራ የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የሚያስጠጋችሁ ዘመድ የጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራ እንዳመለከታችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ልጆች ካሏችሁ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይረዳል። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ተደማምረው ነው የሚያሳምኑት። ደግሞ ባለቤታችሁን አስቀድማችሁ ልካችሁ እናንተ ንግዳችሁን ይዛችሁ እዚህ መቅረት አትችሉም። ወይ ቀድማችሁ፣ ወይ አብራችሁ ትገባላችሁ።

ታክስን አትርሱ። የአሜሪካ ዜጋ ገቢው ከተወሰነ መጠን ካለፈ የትም ቢኖር ታክስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከአይ-864 ጋር ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ታክስ ይጠየቃል። የተዘለለ ዓመት ካለ ከአሁኑ አስተካክሉት።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የእናንተ የትዳር አጋር የዓመት ኮታ ባለው ምድብ ነው የሚገባው፤ ወረፋ አለው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የራሳችሁ ካርድ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆያችሁ መኖሪያችሁን ትታችኋል ሊባል ይችላል፤ ካርዱ ከወደቀ ማመልከቻውም አብሮ ይወድቃል። ረጅም መቆየት ካለባችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የዳግም መግቢያ ፈቃድ ጠይቁ። ስታመለክቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን ግድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። በመሃል ዜግነት ካገኛችሁ ባለቤታችሁ ከወረፋው ትወጣለች። ግን በእሷ ፋይል ላይ ተያይዞ የነበረ ልጅ አብሮ አይሻገርም፤ ለብቻው አይ-130 ይሞላለታል። ይህን ሳያውቁ ልጃቸውን ወደኋላ ያስቀሩ ወላጆች አሉ።

የአገር ቤቱን ወረቀት በተመለከተ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ ቢሆንም በወሳኝ ኩነት አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀት አውጡ። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስትቀይሩ ተጠንቀቁ፤ ኅዳር 2012 በፈረንጆቹ 2019 ነው፣ ጥር 2012 ግን 2020 ነው። በዚች ስህተት የተመለሰ ፋይል አይቻለሁ። የስምም ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። ሙሽራው ሳይኖር በውክልና የተፈጸመ ጋብቻም ባልና ሚስቱ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው አብረው ካልሆኑ በስተቀር በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አይታወቅም።

አብራችሁ መኖራችሁ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ተራርቀው የሚኖሩ ጥንዶች የስልክ መልእክትና የሐዋላ ደረሰኝ ሲያሰባስቡ፣ እናንተ የአንድ ቤት ኑሮ አላችሁ። የጋራ የባንክ ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ የልጅ ልደት ካርድ፣ የክርስትናና የዓመት በዓል ፎቶ፣ ሁሉንም ከነቀኑ አስቀምጡ።

ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውንና የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትን ይፋዊ ድረ ገጽ እዩ። ክፍያውም ደንቡም ይለዋወጣል፤ የቪዛው ሥራ በመንግሥት ትእዛዝ የሚቆምበትም ጊዜ አለ። የተወሳሰበ ነገር፣ ቀድሞ የተከለከለ ቪዛ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ካላችሁ ግን ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያዙ።