በቪኤክስ ላንድ ክሩዘር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ የዳሽቦርድ መብራትና የሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን

ከ1998 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተመረተው ላንድ ክሩዘር 100፣ በተለምዶ ቪኤክስ የምንለው፣ በአንዳንድ ዓይነቶቹ ላይ በሃይድሮሊክ የሚነሳና የሚወርድ ሰስፔንሽን አለው። በባህረ ሰላጤውና በአሜሪካ የሚታወቀው ሌክሰስ ኤልኤክስ 470ም ይኸው ሲስተም አለው። ቶዮታ ኤኤችሲ (አክቲቭ ሃይት ኮንትሮል፣ የከፍታ መቆጣጠሪያ) ይለዋል። ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው ኤኤችሲ ግን በስህተት ጥገና የተገደለ ነው።

አምፖል መንቀል

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የኤኤችሲው «ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ አንዱ ዳሽቦርዱን ፈትቶ አምፖሉን ይነቅልና መኪናው «ዳነ» ይባላል። ኤርባግና ኤቢኤስ ላይም ይኸው ይሠራል። ብልሽቱ ግን እዚያው ነው፤ የጠፋው ምስክሩ ብቻ ነው። ቀጣዩ ገዢም በማያውቀው አደጋ ላይ ቤተሰቡን ጭኖ ይነዳል። ይህን የሚያደርግ መካኒክ መኪናዎን አይንካው።

ሲገዙ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉና መብራቶቹን አንድ በአንድ ይዩ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የኤቢኤስ፣ የኤርባግና የኦፍ መብራት ሁሉም በርተው መታየት አለባቸው። ጭራሽ ያልበራ ካለ ምክንያቱ ሳይታወቅ ገንዘብ አይክፈሉ።

የኦፍ መብራት ሳይቆራረጥ ከበራ ሲስተሙ በማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ብልሽት አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ኮድ መዝግቧል። ከመሪው ሥር ባለው 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ኦን ሲያደርጉ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዛገ የከፍታ ሴንሰር ወይም የተቆረጠ ሽቦ ነው። ሴንሰሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ ጭቃና ጠጠር በቀጥታ ያገኛቸዋል።

ያገኙትን ፈሳሽ መጨመር

የፍሬን ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት መጨመር ጎሚኒዎቹን ሊያበላሽ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው በሁሉም በኩል ነው። የሚገባው የኤኤችሲ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ በ2.5 ሊትር ቆርቆሮ ይሸጣል። ልኩ የሚታየው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከፍታው «ኤን» (መደበኛው) ላይ ሆኖ ነው። «ሃይ» (ከፍተኛው) ላይ እያለ ጎደለ ብለው ከሞሉት ሲወርድ ይትረፈረፋል።

ኳሶቹን ሳይመረምሩ ሾክ ማማረር

መኪናው እንደ ጋሪ ከነጠረ ብዙዎች ሾኩን ይነቅላሉ። ችግሩ በአብዛኛው በአራቱ ኳሶች (ንጥረቱን የሚያለሰልሱት ክብ የጋዝ ዕቃዎች) ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ማለቁ ነው። ምርመራው ወጪ የለውም፦ ሞተር እየሠራ ወደ «ሎው» (ዝቅተኛው) ያውርዱት፣ በፈሳሽ ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን መስመር ይያዙ፤ ወደ «ሃይ» ያንሱትና እንደገና ይዩ። አዲስ ኳስ ላይ ልዩነቱ 14 መስመር ገደማ ነው። 7 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኳሶቹ ይቀየራሉ። ኦሪጅናሉ ጋዝ ተሞልቶለት አይመለስም።

ኤኤችሲን ነቅሎ ተራ ሾክ መግጠም

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ግማሹን መሥራት ነው። የኤኤችሲ መኪና የፊት ቶርሽን ባር (እንደ ሞላ የሚያገለግል የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ) እና የኋላ ሞላ ከተራው ቪኤክስ የለሰለሱ ናቸው፣ ከክብደቱ ከፊሉን ሃይድሮሊኩ ስለሚሸከም። ሾኩን ብቻ ሲቀይሩ መኪናው ይተኛል፣ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ የሰስፔንሽኑን ምት ከሚያቆመው ጎማ ጋር ይጋጫል። ቶርሽን ባሮቹና ሞላዎቹ አብረው መቀየር አለባቸው፤ ወጪው ከኳስ ጋር የሚወዳደረውም ያኔ ነው።

ቶርሽን ባር ላይ ሌላም ስህተት አለ፦ ከፍ ለማድረግ ብሎን ማጥበቅ። ከፍታውን የሚወስነው ሴንሰሩ ስለሆነ መኪናው አይነሳም። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። አንድ ዙር ሲጠብቅ የፊቱ ግፊት 0.2 ሜጋፓስካል ያህል ይቀንሳል፤ የሚፈለገው 6.9 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሥራው በግፊት መለኪያ እንጂ በዓይን አይሠራም።

የቲ-ቤልት መብራትን ማጥፋት ብቻ

የናፍጣው ሞተር የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜ ሲደርስ ይህን መብራት ያበራል። ኪሎ ሜትር ቆጥሮ እንጂ ቺንጋውን አይቶ አይደለም። ስለዚህ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሶ መብራቱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ አሮጌው ቺንጋ ግን እንዳለ ነው። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቺንጋ ሳይሆን ስለ ቴስታታ ነው። ከአዲሱ ቺንጋ ጋር መወጠሪያውንም ይቀይሩ።

አጫጭሮቹ

ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ሞተሩን ያጥፉ፤ «ጋራዥ ድረስ ልድረስ» የለም።

የፍሬን መብራት በርቶ ዘይት ብቻ አይጨምሩ፤ ሸራው ስላለቀ ልኩ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

የናፍጣ ማጣሪያው ውሃ መብራት ከበራ፣ በተለይ ከበርሜል ከተሞላ በኋላ፣ ከማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ ፈተው ንጹህ ናፍጣ እስኪወጣ ያፍስሱ።

ክሪክ ከማስገባትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ። አንድ ጎማ ሲነሳ ኮምፒውተሩ መኪናው ያዘነበለ መስሎት ከፍታ ያስተካክላል። ፈሳሽ ለመቀየር በ10 ቁልፍ የአየር ማስወጫውን ብሎን ሲከፍቱ ደግሞ መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሻሲውን በጠንካራ ቋሚ ሳይደግፉ ከሥር አይግቡ።