ሩቅ ደሴት በትንሽ ገንዘብ ለማየት ስትነሱ ኪሳችሁን የሚያራቁቱ ስህተቶች

ሩቅ ደሴት ለማየት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው መጀመሪያ የሚፈራው የማደሪያውን ዋጋ ነው። እኔ ግን የሰው ኪስ ደሴት ላይ ሲራቆት ያየሁት በማደሪያ አይደለም። በጥድፊያ ነው። ያመለጠ በረራ፣ በመጨረሻ ሰዓት ለብቻ የተከራዩት ጀልባ፣ ሳይታሰብ የተጨመሩ ሁለት ሌሊቶች። ቀን የተረፈው ሰው ከነዋሪው ጋር ተሰልፎ የሕዝብ ጀልባ ይጠብቃል፤ ቀን ያጠረው ደግሞ ለዚያው መንገድ እጥፍ ድርብ ይከፍላል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚያው ይመጣሉ።

ጀልባና አውሮፕላንን በአንድ ቀን ማገናኘት

ይሄንን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። የመመለሻ በረራዬ ከዋናው ደሴት ማታ ይነሳል። ከትንሿ ደሴት የሚወጣው ጀልባ ደግሞ ጠዋት ነው፤ መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ስትቆጥሩት ከበቂ በላይ ጊዜ አለ። ጠዋት ወደቡ ጋ ስደርስ የትኬት መሸጫው መስኮት ተዘግቷል። ላዩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ «ዛሬ ጉዞ የለም»። ባሕሩን ዞር ብዬ ሳየው ፀጥ ያለ ነው፤ ተናደድኩ። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቀና ሳይሉ በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ። ከባሕር ዳርቻው ራቅ ብሎ፣ የኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ዓለት) ግንብ የሚያልቅበት ላይ፣ ነጭ አረፋ በረዥም መስመር እየተሰበረ ይነሳል። «ባሕሩ ያ ነው፤ ይሄ ገንዳ ነው» አሉኝ።

ጀልባው የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በረራው ሄዷል። ርካሽ ትኬት ስለነበር አንድም የሚመለስ ገንዘብ አልነበረውም፤ አዲስ የገዛሁት ደግሞ ከሙሉ የቆይታዬ ወጪ በለጠ።

ከዚያ ወዲህ ከትንሿ ደሴት የምወጣው ከበረራዬ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀደም ብዬ ነው፤ ነፋሱ በሚበረታበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድሜ። ትርፍ ቀናችሁን አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ደሴት ላይ አሳልፉ እንጂ ጫፍ ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ አትጨርሱት። ጀልባውና በረራው ለየብቻ የተገዙ ከሆነ አንዱ ሲዘገይ ሌላው አይጠብቅም፤ የሚክሳችሁም የለም።

በአየር የሚደረስባቸውም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ሴንት ሄለና መደበኛ የመንገደኛ በረራ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ከኬፕታውን በመርከብ አምስት ቀን ገደማ ያስኬድ ነበር። አሁንም ማኮብኮቢያው ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ሲከፋ በረራው ይዘገያል ወይም ይሰረዛል። ማልዲቭስ ውስጥ ደግሞ ውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ የሚያደርሳችሁን ርካሽ በረራ ስታገኙ፣ ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ የምታድሩበትን ሌሊት ደምሩበትና ያኔ ርካሽ መሆኑን እዩ።

በአንድ ጉዞ አምስት ደሴት ለማዳረስ መሞከር

ካርታ ላይ ሲታዩ ጎን ለጎን ናቸው። በተግባር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ጀልባ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ዋናው ከተማ ተመልሳችሁ እንደገና ነው የምትነሱት። እያንዳንዱ ዝውውር ትኬት አለው፣ የሚባክን ቀን አለው፣ ወደቡ አጠገብ በግድ የምታድሩበት ሌሊት አለው። አሥር ቀን ያለው ሰው አንድ ደሴት ይምረጥ፤ ቢበዛ ሁለት። አንድ ቦታ ሳምንት ስትቀመጡ የማደሪያው ባለቤት ሂሳቡን ትቀንስላችኋለች፣ ዓሣ አጥማጁ በስማችሁ ይጠራችኋል፣ ነገ ማን በየትኛው ጀልባ እንደሚሄድ ትሰማላችሁ። ርካሹ ጉዞ የሚገኘው ከእንዲህ ያለው ወሬ ነው።

ወቅቱን ሳያዩ በዋጋው መማረክ

ትኬት በድንገት በግማሽ ከወረደ ከመደሰታችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያ እዩ። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ (ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ) እና በደቡብ ፓስፊክ (ፊጂ፣ ቫኑዋቱ፣ ቶንጋ) የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጆቹ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ካሪቢያን ከጁን እስከ ኖቬምበር፣ በተለይ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። ፊሊፒንስን በየትኛውም ወር ሊመታ ይችላል፤ የሚበዛው ግን በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ለምድር ወገብ በጣም የቀረቡ ደሴቶች ከዚህ ይድናሉ፤ አውሎ ነፋስ ለመጠምዘዝ የምድር መሽከርከር ግፊት ያስፈልገዋል፣ ወገቡ አጠገብ ደግሞ ያ ግፊት ደካማ ነው። ዝናብና ማዕበል ግን እነሱም አላቸው።

እኔ የምመርጠው ወቅቱ ሊገባ ወይም ገና ሊወጣ ሲል ያለውን ወር ነው። ዋጋው ወርዷል፣ ባሕሩ ገና አልከፋም ወይም ረግቷል። በወቅቱ መሀል መሄድ ካለባችሁ ትርፍ ቀኑን አብዙት።

ስለ መድረሻው ቪዛ ብቻ ማሰብ

ብዙ በር የማይከፍት ፓስፖርት የያዛችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የደሴቱ ቪዛ ቀላል ሊሆን ይችላል። ማልዲቭስ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ሀገር ዜጋ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ ይሰጣል፤ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ግን የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት መሙላት አለባችሁ። ሲሸልስም ቪዛ አይጠይቅም፤ ቀድሞ የሚወጣ የጉዞ ፈቃድ ግን ይጠይቃል። ሰው የሚጠመደው መንገድ ላይ ነው። በአሜሪካ በኩል የምታልፉ ከሆነ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባትወጡም እንኳ አብዛኛው ፓስፖርት የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልገዋል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ብዙዎችን ይጠይቃሉ። የሸንገን ቪዛ (የብዙ አውሮፓ ሀገሮች የጋራ ቪዛ) ይዞ ወደ ሬዩኒየን ወይም ታሂቲ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ እነዚህ የፈረንሳይ ቢሆኑም ሸንገን ውስጥ አይደሉም፤ ለብቻው የተፈቀደ ቪዛ ይፈልጋሉ። የመመለሻ ትኬትና የማደሪያ ማረጋገጫ ካላሳያችሁ ደግሞ ገና ከመነሻችሁ አውሮፕላን ላይ ላትሳፈሩ ትችላላችሁ። ወረቀቱን አትሙት፤ ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

ቢጫ ወባ ካለባቸው ሀገሮች ለሚነሱ መንገደኞች ብዙ ደሴቶች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀር መወጋት አያድንም።

ቀኑንም አስተውሉ። ሳሞአ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ዘላ ወደ ቀን መለወጫው መስመር ማዶ ተሻግራለች፤ ጎረቤቷ አሜሪካን ሳሞአ ግን እዚያው ቀርታለች። በትንሽ አውሮፕላን አጭር መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሙሉ 24 ሰዓት። ከሳሞአ ዓርብ ጠዋት ተነስታችሁ አሜሪካን ሳሞአ ሐሙስ ጠዋት ትደርሳላችሁ። ማደሪያውን ለዓርብ የያዘ ሰው ሐሙስን ሜዳ ላይ ያድራል።

ካርድ ይዞ፣ ካሽ ሳይዝ መሄድ

ትንንሽ ደሴት ላይ ኤቲኤም የለም፣ ወይም አንድ ነው፣ ወይም ያለው አንዱ ባዶ ነው። መስመር ሲቋረጥ ካርድ ማንበቢያውም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ለሙሉ ቆይታችሁ የሚሆነውን፣ በዚያ ላይ ጀልባ ቢቀር ለሦስት ቀን የሚበቃውን፣ ከዋናው ደሴት ሳትወጡ በሀገሩ ገንዘብ ያዙ። ሁለት ቦታ ከፍላችሁ አስቀምጡት። ትንንሽ ኖት ይሁን፤ ኮኮናት የምትሸጥ ሴት ለትልቅ ኖት መልስ የላትም። ስትወጡ ደግሞ የተረፈውን እዚያው ዘርዝሩ፤ የሴንት ሄለና ፓውንድ ለምሳሌ ከግዛቷ ወጥቶ ዋጋ የለውም።

የነዋሪውን ሕግና ሳምንት አለማወቅ

ማልዲቭስ ለትንሽ ገንዘብ አይሆንም ሲባል የኖረው እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ገደማ ድረስ እውነት ነበር። ያኔ ነዋሪዎች በራሳቸው ደሴት የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ ዛሬ በሪዞርት ዋጋ ትንሽ ክፍልፋይ ማደር ይቻላል። ግን ያረፋችሁት ሰው የሚኖርበት ሙስሊም መንደር ውስጥ ነው። አልኮል የለም፤ በቢኪኒ የሚዋኘው ለዚያ በተለየው ባሕር ዳርቻ ብቻ ነው፤ ዓርብ አብዛኛው የሕዝብ ጀልባ አይሠራም። ዓርብ የደረሰ ሰው ፈጣን ጀልባ ይከራያል፣ ዋጋውም ያን ቀን ያቆጠበውን ሁሉ ይበላል። ቶንጋ ውስጥ እሑድ እ.ኤ.አ. በ1875ቱ ሕገ መንግሥት የተከበረ ዕለት ነው፤ ሱቅ ዝግ ነው፣ በረራም የለም። ቅዳሜ ምግብና ውሃ ግዙ። ድንኳን ተክዬ በነፃ አድራለሁ የምትሉ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሲሸልስ ላይ ክልክል ነው፤ ሌላም ቦታ ያ ባዶ የሚመስል ባሕር ዳርቻ የአንድ ቤተሰብ ርስት ነው።

ምግብ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በመርከብ የመጣ ነገር ሁሉ ውድ ነው። ባሕሩና መሬቱ የሚሰጡትን ብሉ።

ውሃን እንደ ቤታችሁ መጠቀም

ይሄ ከገንዘብ በላይ ያሳስበኛል። ከኮራል የተሠራ ዝቅተኛ ደሴት ወንዝ የለውም። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ በጣራ ተሰብስቦ ታንከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከመሬት ሥር ያለው ጥቂት ጨው አልባ ውሃ ደግሞ በባሕሩ ውሃ ላይ እንደ ዘይት ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ብዙ ሲቀዳ ከሥር ጨዋማው ይወጣል። ቱቫሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናብ ሲጠፋባት የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። ያረፍኩበት ቤት ልጅ በየማታው ታንከሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እያንኳኳች ድምፁ የሚቀየርበትን ትፈልግ ነበር፤ ውሃው እስከየት እንደደረሰ የሚታወቀው በዚያ ነው። አንድ ቀን ከበፊቱ ወረድ ብሎ ስታገኘው ምንም አላለችም። እኔ ግን የሻወሬን ርዝመት አስታወስኩ። በባልዲ ታጠቡ፤ ሳሙና ስትቀቡ ውሃውን አቁሙ።

ባሕሩን መናቅ

በባዶ እግር ኮራል ላይ አትቁሙ። ለእሱም ጉዳት ነው፣ ለእናንተም። የኮራል ቁስል በዚያ ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ያመረቅዛል፤ ወዲያው በንጹህ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ፍርፋሪውን አውጡ፣ አድርቁት። ድንጋይ የሚመስለውን መርዛማ ዓሣ፣ ስቶንፊሽ፣ ከረገጣችሁ እግራችሁን በምትችሉት መጠን በሞቀ፣ ግን በማያቃጥል ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያዙና ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል።

የባሕር ጅረት ከዳርቻው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ አትታገሉት። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ፤ ጉልበቱ ሲቀንስ ወደ መሬት ዙሩ። ሰው የሚሰምጠው ፊት ለፊት ሲታገል ደክሞ ነው። በጠርሙስ አየር የጠለቃችሁ ከሆነ ደግሞ አንዴ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ 18 ሰዓት ሳይሞላ አትብረሩ። ይሄም ትርፍ ቀን የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት ነው።

ኢንሹራንስን እንደ ቅንጦት ማየት

ደሴቱ ላይ ያለው አንድ ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። እግር ቢሰበር ወይም ትርፍ አንጀት ቢነሳ በአውሮፕላን መወሰድ ነው፣ ያ ደግሞ ቤተሰብን በዕዳ ይዘፍቃል። ስትገዙ «ሕመምተኛን ማጓጓዝ ይሸፍናል?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ቫኑዋቱና ሰለሞን ደሴቶች ወባ አለ፤ ፊጂ ወባ የለም፣ ዴንጊ ግን አለ። የወባዋ ትንኝ ማታ ነው የምትነክሰው፤ የዴንጊዋ ቀን። አጎበር ብቻ አይበቃም።

ለመጨረሻ ጥቃቅኖቹ። ትንንሽ አውሮፕላኖች የሻንጣ ክብደት አጥብቀው ይለካሉ፤ አንዳንዶቹ እናንተንም ይመዝናሉ፤ ትርፉ ያስከፍላል ወይም ይቀራል። ካርታውን ከመስመር ውጭ እንዲሠራ አውርዱ። የሰንስክሪናችሁን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ጽሑፍ አንብቡ፤ ፓላው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኮራል የሚጎዱትን አግዳለች፣ ሃዋይም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች። ኮራልና የግዙፍ ክላም ዛጎል ለማስታወሻ አትያዙ፤ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠብቃቸዋል፣ ጉምሩክ ላይ ይያዛል፣ ቅጣትም አለው።

ከደሴቱ ልትወጡ ዋዜማ ላይ ደግሞ አመሻሹ ላይ ወደቡ ድረስ ሂዱ። ስልክ አትደውሉ፣ ሄዳችሁ ጀልባውን በዓይናችሁ እዩት። ካፒቴኑን «ነገ እንሄዳለን?» በሉት። መልሱን ሳይሰጣችሁ በፊት ወደ ኮራሉ ማዶ ይመለከታል፤ እናንተም አብራችሁት ተመልከቱ።