የማይደረስበትን ኮድ ከክፍት ምንጭ ፕሮጀክት እንዴት እናውጣ

ከሪተርን (ከፋንክሽን ከሚያስወጣው ትእዛዝ) በታች የቀረ መስመር። ሁልጊዜ ሐሰት በሆነ ኢፍ ውስጥ የተቀመጠ ኮድ። ማንም የማይጠራው ፋንክሽን፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል። ኮምፒውተሩ አይደርስባቸውም፣ የሚያነባቸውን ሰው ግን ያደክማሉ። የቢሮ ሶፍትዌሩ ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ከተለየ በኋላ ለጀማሪዎች ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ጽዳት ነበር።

መጀመሪያ ፕሮጀክቱን አውርዳችሁ ገንቡት፤ ቴስቶቹ ማለፋቸውንም እዩ። ከዚያ አዲስ ብራንች፣ ዋናውን ሳትነኩ የምትሠሩበትን የኮዱን ቅርንጫፍ፣ ክፈቱ።

ፍለጋውን ለመሣሪያ ስጡት። ለፓይተን ቮልቸር፣ ለጎ ዴድኮድ አለ። ለሲ ቋንቋ ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ) ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ግን ማስጠንቀቂያውን በትእዛዝ ለብቻው ካላበራችሁት ዝም ይላል። የሌላው ኮምፓይለር የጂሲሲ አዳዲስ ቅጂዎች ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ ይቀበላሉ እንጂ ምንም አይሠሩበትም። ስለዚህ ዝምታቸውን አትመኑ።

አሁን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ኮዱ ለምን አይደረስበትም? እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል ይፋ ባደረገው የደኅንነት ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ፌይል ዝለል) የሚል መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ። ሁለተኛው ምንም ቅድመ ሁኔታ ስላልነበረው፣ ከሥሩ ያለው የዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ ሳይሠራ ይታለፍ ነበር። አይፎንና ማክ ለጠላፊ ተጋለጡ። አንድ ሰው «ይህማ አይደረስበትም» ብሎ ከሥሩ ያለውን ማረጋገጫ ቢሰርዝ ኖሮ፣ የሚያጠፋው ጥበቃውን ራሱን ነበር። መነሣት የነበረበት መንገዱን የዘጋው ትርፍ መስመር ነው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው በጊት፣ በብሌምና በሎግ ትእዛዞቹ፣ ታሪኩን ቆፍሩ፤ መቼ ገባ? መንገዱስ መቼ ተዘጋ?

ቀጥሎ የፋንክሽኑን ስም በመላው ፕሮጀክት ፈልጉ፤ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሎችም አይቅሩ። ስሙ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጦ በዚያ የሚጠራ፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ፕሮጀክቱ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ፣ ከሆነ ደግሞ ለውጭ ክፍት የሆነውን ፋንክሽን ሳታማክሩ አትንኩ። እናንተ የማታውቁት ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ከተረጋገጠ ሰርዙት። ኮሜንት (ኮምፒውተሩ የሚዘለው ማስታወሻ) አድርጋችሁ አትተዉት፤ ጊት ያስቀምጥላችኋል። እንደገና ገንቡ፣ ቴስት አድርጉ፣ መሣሪያውንም ድገሙት። አንዱ ሲወጣ ሌላ ጠሪ ያጣ ፋንክሽን ብቅ ይላል።

ፑል ሪኩዌስቱ፣ ለውጣችሁን ተቀበሉ ብላችሁ ለፕሮጀክቱ የምትልኩት ጥያቄ፣ ትንሽ ይሁን፤ ሌላ ማስተካከያ አትቀላቅሉበት። ማስረጃችሁን ጻፉ፦ «ይህን ፋንክሽን ይጠራ የነበረው ብቸኛ ቦታ በዚህ ኮሚት ተነሥቷል፤ ስሙ ሌላ ፋይል ውስጥ የለም፤ ቴስቶቹ አልፈዋል።» የኮሚቱን (በጊት የተመዘገበውን ለውጥ) መለያም አያይዙ፣ የሚገመግመው ሰው ራሱ ገብቶ እንዲያይ።