ለውሻችሁ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት ስትመርጡ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መዥገር የወረረው ውሻ ሲመጣልኝ ብዙም አልደነግጥም። የሚያስደነግጠኝ መዥገሩን ለማጥፋት ተብሎ የተመረዘው ነው።

የከብት መድኃኒት ለውሻ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ውሻው ላይ መዥገር ሲበዛ ሰው ሄዶ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ወይም አሚትራዝ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ከትልቁ ዕቃ ተቀንሶ በሃይላንድ ነው የሚሰጠው። ስም የለው፣ መጠን የለው። «በውኃ በጥብጠህ እጠበው» ይባላል። በስንት ውኃ? አንዱ አንድ ክዳን ይጨምራል፣ ሌላው ሦስት። በብዛት የሚሸጠው ዲያዚኖን 60 በመቶ፣ አሚትራዙ 12.5 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በግምት አይበጠበጥም። ውሻ ደግሞ ገላውን ይልሳል። በቆዳው የገባው ሳያንስ በአፉም ይጨምርበታል።

አንድ ጀርመን ሸፐርድ ባለቤቱና የግቢው ዘበኛ በአንሶላ ተሸክመው አመጡልኝ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ምን ቀባችሁት? «የመዥገር መድኃኒት።» የቱን? አያውቁም። ይህን አጥብቄ የምጠይቀው በምክንያት ነው። ዲያዚኖን ከሆነ አትሮፒን ሊያድነው ይችላል። አሚትራዝ ከሆነ ግን አትሮፒን ራሱ ይጎዳዋል፤ ማርከሻው ሌላ ነው። አሚትራዝ ብሌኑን ያሰፋል፣ ውሻውንም ያደነዝዛል። የዚያን ቀን የብሌኑ መጥበብ መንገድ አሳየኝ፣ ውሻውም ተረፈ። የማይተርፉ አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ጓንት አድርጋችሁ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቶሎ አጥቡት። የተረፈውን መድኃኒት ከነዕቃው ይዛችሁ ሩጡ።

የከብቱ የአይቨርሜክቲን መርፌም ከዚሁ ጎራ ነው። 1 በመቶ የሆነው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። ውሻን ከልብ ትል ለመከላከል የሚበቃው በኪሎ 6 ማይክሮ ግራም ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ ሲሰላ 0.006 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን በየትኛው ሲሪንጅ ትለኩታላችሁ? ኮሊ የሚባለው የውሻ ዝርያና አንዳንድ ዘመዶቹ ደግሞ በዘር የሚወርሱት ጉድለት ሊኖርባቸው ይችላል፤ መጠኑ ሲበዛ መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። እኛ ለእከክ የምንሰጥበት ጊዜ አለ፤ ግን ውሻው ተመዝኖ፣ ዝርያው ታይቶ ነው። ያ ሁሉ አደጋ ታልፎ ደግሞ ቁንጫውን በወጉ አያጠፋውም።

የውሻውን ጠብታ ለድመት

በፍጹም። ፐርሜትሪን የሚባል መግደያ ያለበት፣ ቆዳ ላይ የሚጣል ጠብታ ውሻ ላይ ችግር የለውም፣ ድመትን ግን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ውሻና ድመት ተቃቅፈው የሚተኙበት ቤት ከሆነ ሌላ ምረጡ።

«ከአሜሪካ ነው የመጣው»

«ዶክተር፣ እኅቴ የላከችውን በየወሩ እየሰጠሁት መዥገሩ ባሰበት» አለችኝ አንዲት ደንበኛ። ሳጥኑን አገላብጬ አየሁት። የልብ ትል መከላከያ ነው። ያ መድኃኒት መዥገርን አይነካም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም። ሃርትጋርድ ለልብ ትል ነው። ተራው ኔክስጋርድና የሚዋጠው ብራቬክቶ ቁንጫና መዥገር ይገድላሉ እንጂ የልብ ትልን አይከላከሉም። ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዙ አሉ፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ኔክስጋርድ በወር አንዴ ነው፤ ብራቬክቶ ለብዙዎቹ መዥገሮች እስከ 12 ሳምንት ያገለግላል፣ ከምግብ ጋር ይሰጣል። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ካላችሁ ኔክስጋርድንም ሆነ ብራቬክቶን ሳታማክሩን አትስጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ለዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ላኩልን ከማለታችሁ በፊት ውሻውን መዝኑት። አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፤ ልዩነቱ የእሱ ኪሎ ነው። የትልቅ ውሻውን ቆርሶ ለቡችላ መስጠት ልክ አይደለም፤ መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ቁራጭ እኩል መድረሱን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

የልብ ትል የሚተላለፈው በትንኝ ነው፣ ትንኝ ውስጥ ለማደግም ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ እንደ ሂውስተንና አትላንታ ወዳሉ ሞቃት የአሜሪካ ከተሞች የምትሄዱ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። እዚያ መከላከያው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ነው የሚሰጠው። ከመጀመራችሁ በፊት ደሙ ይመርመር። አንዴ ያደገውን ትል ወርኃዊው መከላከያ አያስወግደውም፣ ሕክምናው ከባድ ነው። ትሉ ለማደግ ስድስት ሰባት ወር ስለሚፈጅ ዛሬ ነጻ የተባለ ውሻ በኋላም መመርመር አለበት።

ውሻውን አክሞ ቤቱን መርሳት

«መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ጋ ስንጨዋወት ችግሩ ማደሪያው ሆኖ ይገኛል። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከፀጉሩ ላይ ይረግፋል፤ ምንጣፍ ውስጥ፣ ሶፋ ሥር፣ ውሻው በሚተኛበት ጨርቅ ላይ ይፈለፈላል። ሙሽሬው፣ ማለትም በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ገና ወደ ቁንጫ የሚለወጠው፣ ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ቡናማው የውሻ መዥገር ደግሞ ግድግዳ ይወጣል፣ የውሻ ቤቱ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንቁላሉን በሺህ ይጥላል። ስለዚህ ጨርቁን በፈላ ውኃ እጠቡ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን አክሙ። አዲስ ቁንጫ ለሳምንታት ብታዩ መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ሌላ አትደርቡበት።

ጠብታን ፀጉር ላይ ማፍሰስ

በትከሻዎቹ መሀል ፀጉሩን ከፍላችሁ ቆዳው ላይ ጣሉት። በፊትም በኋላም ለሁለት ቀን አታጥቡት። የምትጠቀሙት መድኃኒት ያለበት የአንገት ማሰሪያ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ሁለት ጣት መግባት አለበት።

መዥገርን በክብሪት ወይም በነጭ ጋዝ

ተዉት። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በጥፍራችሁ አታፍርጡት።

መዥገሩ ከጠፋም በኋላ ውሻው ምግብ ካቆመ፣ ካተኮሰው፣ ከአፍንጫው ከደማ ወይም ሽንቱ ከቀላ ኤርሊኪያ ወይም ባቤዥያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም መዥገር ነው የሚያስተላልፋቸው፣ በደም ምርመራ ይለያሉ፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩት። ነጥቶ ከሆነ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን አምጡት።